«አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ? ስለ ዋና የሳይንስ አማካሪ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ መንግሥት ዋና የሳይንስ አማካሪ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወጥቶ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሹመቱ ለጌጥ የተፈጠረ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችና የሳይንስ አካዳሚዎች እያሉ አያስፈልግም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ቦታውን መዝጋቱም ለዚህ ማስረጃ ነው። የግድ ይኑር ከተባለ ግን ስመ ጥር ሳይንቲስት ይሾም፤ ምክሩን «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ በማያሻማ ቃል ይስጥ፤ ሚኒስትሮችም ያለውን ይፈጽሙ፤ ካልፈጸሙ ሥራውን ለቆ ይውጣ። ዋና ተግባሩም ለምርምር የሚመደበውን በጀት ማሳደግ ይሁን።

ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ጸሐፊው ሳይንስ ይደመጥ ነው የሚሉት፤ በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። ያቀረቡት አሠራር ሥራ ላይ ቢውል ግን ሳይንሱን አጣሞ ያደርሰዋል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አካዳሚ እያለ አማካሪ ለምን ያስፈልጋል ከሚለው ልጀምር። አካዳሚ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ ረቂቅ ያዘጋጃል፣ ረቂቁን በሌሎች ምሁራን ያስገመግማል። ይህ ወራት ይፈጃል፤ መፍጀትም አለበት፤ ጥንካሬው እዚያ ላይ ነውና። መንግሥት የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ጠዋት መጥቶ ለማታ መልስ የሚፈልግ ነው። ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመታች፤ የፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያም ተጎዳ። ከአራት ቀን በኋላ የብሪታንያ ዋና የሳይንስ አማካሪ ጆን ቤዲንግተን ቶኪዮ ከሚገኘው ኤምባሲያቸው ጋር በስልክ ተሰብስበው ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፦ በቶኪዮ ያሉ ዜጎቻችን ከጨረሩ የተነሣ መውጣት አለባቸው?

መልሱ የተሠራበትን መንገድ ልብ ይበሉ። አማካሪው «ምን ይሆናል?» ብለው ለመተንበይ አልሞከሩም። «በምክንያት ሊታሰብ የሚችለው የከፋው ሁኔታ ምንድን ነው?» ብለው ጀመሩ። የማብላያው እምብርት ቀልጦ ቢፈነዳ ጨረር አመንጪው ቁስ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወጣል። በ1986 የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ በደረሰበት ቼርኖቢል ላይ የወጣው ወደ 30,000 ጫማ (9 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነበር፤ እሳቱም ረጅም ጊዜ ነድዷል። በዚህ ላይ ነፋሱ ወደ ቶኪዮ ቢነፍስስ? ዝናብ ዘንቦ ቁሱን ከተማዋ ላይ ቢያወርደውስ? ቶኪዮ ከጣቢያው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሁሉም ክፉ ነገር በአንድ ላይ ቢገጥም እንኳ በዚያ ርቀት ከተማ ለቆ የሚያስወጣ የጤና አደጋ አይኖርም አሉ። ይህን በአራት ቀን ውስጥ ለማለት የኒውክሌር መሐንዲሱን፣ የአየር ትንበያ ባለሙያውንና የጨረር ሐኪሙን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያስቀመጠ ሰው ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ አደጋው ከመድረሱ በፊት ተሹሞ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ ለይቶ፣ ስልኩን ይዞ መጠበቅ አለበት። አደጋው ከገባ በኋላ ባለሙያ ፍለጋ መውጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ለዚህ ነው ብሪታንያ ከ1964 ጀምሮ፣ ሶሊ ዙከርማን የመጀመሪያው ከሆኑበት ጊዜ አንሥቶ ቦታውን ያልዘጋችው። ዛሬ ከዋናው አማካሪ ሌላ በአብዛኞቹ ሚኒስቴሮች የየራሳቸው የሳይንስ አማካሪ አለ፤ አደጋ ሲመጣ ደግሞ «ሴጅ» የሚባለው የድንገተኛ ጊዜ የሳይንስ አማካሪ ቡድን ይጠራል። ቡድኑ ቋሚ አባላት የሉትም፤ ለእሳተ ገሞራ አመድ የሚጠራው ሰውና ለወረርሽኝ የሚጠራው ሰው የተለያየ ነው።

ጸሐፊው የጠቀሱት የአውሮፓ ኮሚሽን ታሪክም ተቆርጦ ነው የቀረበው። አን ግሎቨር ከ2012 ጀምሮ የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ዋና የሳይንስ አማካሪ ነበሩ፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት ሥራ ሲጀምሩ በ2014 መጨረሻ ቦታው ቀረ። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ዓመት ኮሚሽኑ ሰባት ዋና የሳይንስ አማካሪዎች ያሉትን ቡድን አቋቋመ። አንዱን ሰው በሰባት ተካው እንጂ ሥራውን አልተወውም። ካናዳም የብሔራዊ ሳይንስ አማካሪውን ቢሮ በ2004 ከፍታ በ2008 ዘጋች፤ በ2017 ደግሞ ዋና የሳይንስ አማካሪ መልሳ ሾመች። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1973 የዋይት ሐውስን የሳይንስ ቢሮ ዘጉት፤ ኮንግረሱ በ1976 በሕግ መለሰው። እየዘጉ መልሰው መክፈታቸው ሥራው ባዶ ሆኖ ሲታይ ጉድለቱ እንደሚታወቅ ያሳያል።

ሁለተኛው ነጥብ የዝና ጉዳይ ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ቤዲንግተን የሥነ ሕይወት ሰው ናቸው፤ በዓሣ ሀብት ጥናት ነው የሚታወቁት። ከዚያ ተነሥተው ስለ ኒውክሌር ጣቢያና ስለ እሳተ ገሞራ አመድ መከሩ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ዴቪድ ኪንግ ኬሚስት ሆነው በ2001 የአፍተግር ወረርሽኝን ጉዳይ መሩ። አማካሪ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከራሱ መስክ ውጪ ናቸው። ከዝናው ይልቅ የሚያስፈልገው የሌላውን መስክ ማስረጃ የመመዘን ችሎታና «ይህን እኔ አላውቅም፤ የሚያውቀው እገሌ ነው» የማለት ድፍረት ነው። በአንድ ንድፈ ሐሳብ ስሙ የገነነ ሰው ያንኑ ንድፈ ሐሳብ የሚነካ ጥያቄ ሲመጣ ዳኛም ተከራካሪም ይሆናል። ሳይንቲስቶች የሚያከብሩት ሰው መሆን አለበት፤ አለዚያ ስልኩን አያነሡለትም። ከዚህ ያለፈው ዝና ግን ሸክም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጸሐፊው ሚኒስትር በ«ምናልባት» አይመራምና ምክሩ አዎ ወይም አይደለም ይሁን ብለዋል። ከጽሑፉ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የተቀበለውም ይህንኑ ነው።

በብሪታንያ የእብድ ላም በሽታ ሲነሣ መንግሥት በሰር ሪቻርድ ሳውዝዉድ የሚመራ ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በፌብሩዋሪ 1989 ሪፖርቱን ሲያወጣ ሁለት ነገር በተከታታይ ጻፈ። አንደኛው፣ በሽታው በሰው ጤና ላይ አንዳች መዘዝ ማምጣቱ እጅግ የማይመስል ነው። ሁለተኛው፣ ግምታችን ስህተት ከሆነ ግን የሚያስከትለው ነገር እጅግ ከባድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከመግለጫ ወደ መግለጫ ሲዞር ሁለተኛው ወደቀ። በ2000 ሪፖርቱን በ16 ቅጽ ያወጣው የፊሊፕስ አጣሪ ኮሚሽን ይህንኑ መዝግቧል፦ ማስጠንቀቂያው ተለይቶ ቀርቶ ግምቱ ብቻ እንደ ማረጋገጫ ይጠቀስ ነበር።

ጉዳቱ በቃላት ብቻ አልቆመም። በኖቬምበር 1989 የከብት አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰርና አንዳንድ የሆድ ዕቃ ከሰው ምግብ እንዲወገድ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ሰውን ከበሽታው የጠበቀው ዋናው አጥር ይኸው ነው። ደንቡ እንዲሠራ የቄራ ሠራተኛው ኅብለ ሰረሰሩን ከአከርካሪው ውስጥ ሙልጭ አድርጎ ማውጣት፣ ተቆጣጣሪውም እያንዳንዱን በድን ገልጦ ማየት አለበት። ሁለቱም የሰሙት ግን «አደጋ የለውም» የሚለውን ነው። አደጋ የሌለውን ነገር በዚያ ጥንቃቄ ማን ያጸዳል? በ1995 ሳይታሰብ በተደረገ ቁጥጥር የኅብለ ሰረሰር ቁራጭ የቀረባቸው በድኖች ተገኙ። በማርች 20 ቀን 1996 መንግሥት በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ለፓርላማ አስታወቀ። በብሪታንያ በሰው ላይ በታየው የበሽታው ዓይነት ከ170 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከምክሩ ላይ ጥርጣሬውን የገፈፈ ሰው ከደንቡ ላይ ጥንቃቄውን ገፈፈ ማለት ነው።

ጣሊያን ውስጥ በላኩዊላ የሆነውም ከዚሁ ወገን ነው። በ2009 መጀመሪያ ከተማዋ በተደጋጋሚ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ስትናወጥ ማርች 31 ቀን ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። የሲቪል መከላከያው ምክትል ኃላፊ ከስብሰባው በፊት ለቴሌቪዥን በሰጡት ቃል፣ መሬቱ ኃይሉን በጥቂት በጥቂቱ እያስተነፈሰ ስለሆነ ሁኔታው መልካም ነው የሚል መልእክት አስተላለፉ። ይህ በሳይንስ የተደገፈ አባባል አይደለም። ኤፕሪል 6 ሌሊት ትልቁ መንቀጥቀጥ መጥቶ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቀድሞ ርዕደት ሲሰማቸው ውጭ ያድሩ የነበሩ ሰዎች በዚያ ሌሊት ቤታቸው ቀርተዋል ተብሎ ክስ ተመሠረተ። በ2012 ስድስት ሳይንቲስቶችና ባለሥልጣኑ የስድስት ዓመት እስር ተፈረደባቸው፤ በ2014 በይግባኝ ሳይንቲስቶቹ ነፃ ወጡ፤ የባለሥልጣኑ ቅጣት ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አለ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የመንቀጥቀጥ ትንበያን የሚመለከት አይደለም፤ መንቀጥቀጥ በቀንና በሰዓት አይተነበይም። የባለሙያዎቹን ሐሳብ ለሕዝብ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚናገርና ቃሉን ማን አስቀድሞ እንደሚያየው አልተወሰነም ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው «ምናልባት ለሚኒስትር አይጠቅምም» ሲሉ በከፊል እውነት አላቸው፦ የተልፈሰፈሰ «ምናልባት» አይጠቅምም። መድኃኒቱ ግን ጥርጣሬውን መለካት ነው። አንድ ቃል ለሁለት አንባቢ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል «ሳይሆን አይቀርም» (በእንግሊዝኛ likely) ለሚለው ደረጃ ከ66 እስከ 100 በመቶ ዕድል ሰጥቶታል። የብሪታንያ የስለላ ተንታኞች በሚጠቀሙበት መለኪያ ደግሞ ያው ደረጃ ከ55 እስከ 75 በመቶ ነው። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡና ቁጥሩ ካልተጻፈ፣ ሚኒስትሩ አንድ ቃል አንብበው ሁለት የተለያየ ነገር ይረዳሉ። ስለዚህ ከቃሉ ጎን ቁጥሩ ይጻፋል።

ጥሩ የምክር ማስታወሻ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። የመጀመሪያው አንቀጽ ለተጠየቀው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም እዚያው፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። ወደ ግርጌ ከወረደ ዜና ላይ ሲነበብ ይቆረጣልና። ቀጥሎ የማይታወቀው ይቀመጣል፤ ግምታችን ቢሳሳት የሚከተለው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነም ይጻፋል። በባለሙያዎቹ መካከል ልዩነት ካለ የተለየው ወገን ሐሳብ በራሱ ቃል ይገባል። መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ይቀራል፦ ምን ዓይነት አዲስ መረጃ ቢመጣ ይህ ምክር ይለወጣል? መቼስ ተመልሰን እናየዋለን? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ማስታወሻ ይዘለዋል፤ ሲዘለል ምክሩ መረጃው ካረጀ በኋላም እንደጸና ይቆያል።

ሚኒስትሮች ሳይንቲስቱ ያለውን ይፈጽሙ የሚለው አራተኛው ነጥብ ለሰሚው ደስ ይላል። ወደ ፉኩሺማ ልመለስ። አማካሪው ቶኪዮ ለጨረር አደጋ አትጋለጥም ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ግን የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዜጎቹ ከቶኪዮ መውጣትን እንዲያስቡበት መክሯል። የጣቢያውን ሁኔታ ብቻ አላነሣም፤ የሸቀጥ አቅርቦትና የትራንስፖርት መስተጓጎልንም ምክንያት አድርጓል። ይህ ሳይንሱን መናቅ ነው? አይደለም። አማካሪው የተጠየቁት ስለ ጨረር ነው፤ ሚኒስቴሩ ደግሞ የሕዝቡን ጭንቀትና የአውሮፕላን ወንበሩን ቁጥር አብሮ መመዘን ነበረበት። አማካሪው በሰጡት መልስ ጸኑ፣ ወሳኙም በራሱ ኃላፊነት ወሰነ።

የ2001ዱ የአፍተግር ወረርሽኝ ሌላውን ገጽ ያሳያል። የበሽታውን ሥርጭት በሒሳብ ሞዴል የሚያሰሉ ቡድኖች፣ በሽታው የተገኘበት እርሻ ከብቶች በ24 ሰዓት፣ የአጎራባች እርሻዎች ከብቶች ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢታረዱ ወረርሽኙ ይገታል አሉ። እንዲህም ተደረገ፤ ወረርሽኙ ሲያበቃ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደው ነበር። ሞዴሉ «ይህን ብታደርጉ ይህ ይሆናል» ይላል። የበሽታ ምልክት ያልታየባቸውን የጎረቤት ከብቶች ማረድ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ግን ሞዴል አይመልስም፤ የገበሬውን ኪሳራና የሕዝቡን ስሜት መመዘን ለመረጠው ሕዝብ መልስ የሚሰጥ ሰው ሥራ ነው። የአጎራባች እርሻዎቹ እርድ አስፈላጊ ነበር ወይ የሚለው በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ እስካሁን ያከራክራል። ውሳኔው የአማካሪው ነው ቢባል ኖሮ አማካሪው ሞዴሉን መልሶ ለመፈተሽ የመጨረሻው ፈቃደኛ ሰው ይሆን ነበር፤ የሞዴሉ ስህተት የራሱ ጥፋት ይሆንበታላ።

ለፖለቲከኛውም አይበጅም። በኮቪድ ጊዜ የብሪታንያ ሚኒስትሮች «ሳይንሱን ነው የምንከተለው» ሲሉ ከረሙ። አባባሉ ትሕትና ይመስላል፤ በተግባር ግን የውሳኔውን ኃላፊነት ከወሳኙ ትከሻ ወደ አማካሪው ያዛውራል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሴጅ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2020 ባደረገው ስብሰባ አጭር የእንቅስቃሴ ገደብ እንዲታሰብ ሐሳብ አቀረበ፤ መንግሥት በማግሥቱ ከዚያ የቀለሉ እርምጃዎችን አወጀ፤ አገር አቀፍ ገደቡ በኢንግላንድ የተጀመረው ኖቬምበር 5 ነው። ከዚያ በፊት በኦገስት ሰዎች ወደ ምግብ ቤት እንዲሄዱ መንግሥት የሒሳቡን ግማሽ ሲከፍል፣ ዋና የሳይንስ አማካሪው ፓትሪክ ቫላንስ ስለ ዕቅዱ አስቀድመው አልተማከሩም። ይህን ዛሬ በቀን ለይተን መናገር የቻልነው ቃለ ጉባኤው ስለታተመና በኋላም በአጣሪ ኮሚሽን ፊት ምስክርነት ስለተሰጠ ነው። በወረርሽኙ መጀመሪያ ግን የሴጅ ቃለ ጉባኤም የአባላቱ ስምም አልወጣም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ማን ምን እንደመከረ ሕዝቡ ማወቂያ አልነበረውም።

ስለዚህ «ይፈጽሙ» የሚለውን ትእዛዝ በሁለት ግዴታ መተካት ይሻላል። ምክሩ ከውሳኔው በፊት ይቅረብ፤ ከውሳኔው በኋላም በተወሰነ ቀን ይታተም። ሚኒስትሩ ምክሩን መተው ይችላሉ፤ ምክሩ አልነበረም ማለት ግን አይችሉም።

ምክሩ ካልተፈጸመ ይልቀቅ ስለሚለው አንድ ነገር ብቻ። መልቀቅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚተኮስ ጥይት ነው። በየውሳኔው የሚለቅ ከሆነ ቦታው ላይ የሚቀረው የማይቃወም ሰው ይሆናል። የሚለቀቅበት ምክንያት አለ፤ ማስረጃውን አዛብተህ አቅርብ ወይም ደብቅ ሲባል ነው። ሐሳቡ ተሰምቶ ሌላ ነገር ሲወሰን ግን ወደ ቢሮው ተመልሶ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይጠብቃል።

በጀት ስለማሳደግም ጸሐፊውን በጽኑ እቃወማለሁ። ሁለት የተለያየ ሥራ አለ፦ መንግሥት ሳይንስን እንዴት ይደግፍ የሚለውና ሳይንስ መንግሥትን እንዴት ይርዳ የሚለው። ሁለቱን አንድ ሰው ሲይዛቸው የገንዘብ ሚኒስትሩ አማካሪው በገባ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ስንት ሊጠይቀኝ ነው?» ማለት ይጀምራሉ። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው ቅን ምክርም የልመና ድምፅ ይሆናል። ምርምርን የሚወክል ሌላ ሰው ይሾም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሡት አንድ ሥራ ግን አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሜታምፌታሚን የሚባል ዕፅ ተጨሶባቸዋል የተባሉ ቤቶች ግድግዳቸው በጨርቅ ተጠርጎ ይመረመር ነበር። መነሻ የሆነው መመሪያ ዕፁ ሲመረትባቸው የነበሩ ቤቶች ከታጠቡ በኋላ መጽዳታቸውን ለማረጋገጥ የወጣ ነው። በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.5 ማይክሮግራም ይላል፤ በ2017 የወጣው ደረጃ ደግሞ 1.5 አደረገው። ያ የእጥበት መለኪያ ዕፁ ለተጨሰባቸው ቤቶችም የጤና አደጋ መለኪያ ሆኖ ዋለ። ከመጠኑ በላይ የተገኘባቸው የመንግሥት ቤቶች ተዘጉ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተከራዮች ተባረሩ፤ ቤቶቹን ለማጽዳትም ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። ጥያቄው ሁልጊዜ «መጠኑ ስንት ነው? እንዴት ይጽዳ?» የሚል ነበር።

የጠቅላይ ሚኒስትሯ ዋና የሳይንስ አማካሪ ፒተር ግሉክማን በሜይ 2018 ባወጡት ሪፖርት ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፦ ዕፁ በተጨሰበት ቤት በመኖሩ ብቻ የታመመ ሰው በየትኛውም ጥናት ተመዝግቧል? አልተመዘገበም። ቤቱ ማምረቻ ነበር የሚል ጥርጣሬ ከሌለ ወይም ከባድ አጠቃቀም ካልታየ ምርመራው ራሱ አያስፈልግም አሉ፤ መጠኑም በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር 15 ማይክሮግራም እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ፤ ከደረጃው አሥር እጥፍ ማለት ነው። የመንግሥት ቤቶች ድርጅቱ በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠይቆ ለተጎዱ ተከራዮች ካሣ እንደሚከፍል አስታወቀ። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የአማካሪውን ሥልጣን ሲዘረዝሩ ትእዛዝ የመስጠቱን ሥልጣን ሰርዘው፣ «የጠየቃችሁኝ ጥያቄ ትክክል አይደለም» ብሎ በጽሑፍ የመመለስን መብት ቢያስገቡልኝ ደስ ይለኛል።